ኤፍ-5ን ለግዳጅ ያበቁት እጆች፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ካራማራ ድል ስንጽፍ አየር ኃይሉን የጠቀስነው በሁለት አንቀጽ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለዚህ ዓምድ ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ «የጄቶቹን ነገር ለምን በደንብ አልጻፋችሁም?» የሚሉ ናቸው። ቅሬታው ትክክል ነው። ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት ከ1969 ክረምት እስከ የካቲት 1970 በምሥራቁ ሰማይ የተሠራው ሥራ ዝርዝሩ ካልተነገረ ስሙ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ አሜሪካ ሠራሽ ለሆኑት የአየር ኃይላችን ኤፍ-5ኢ ተዋጊ ጄቶችና ለስኳድሮናቸው ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

«ሚግ-21 ከኤፍ-5 በጣም ይፈጥናል ይባላል። ታዲያ የሶማሊያ ሚጎች እንዴት ተሸነፉ? የአብራሪዎቻችን ጀግንነት ነው ወይስ የአውሮፕላኑ?» (ከአዳማ)

ሁለቱም ነው። ጀግንነት ግን የሚሠራው አውሮፕላኑ በሚችለው ልክ ስለሆነ ከአውሮፕላኑ እንጀምር።

ሚግ-21 ከፍ ብሎ ሲበር የድምፅን ፍጥነት እጥፍ ያልፋል፤ ኤፍ-5ኢ ከ1.6 እጥፍ ብዙም አይዘልም። ወረቀት ላይ ሚጉ ይበልጣል። ሁለት ተዋጊዎች አንዱ የሌላውን ጅራት ለመያዝ ሲሽከረከሩ ግን ያን ፍጥነት ማንም አይጠቀምበትም። እንዲህ ያለው ውጊያ የሚያልቀው ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚያዋጣው ፍጥነትን ሳይጥሉ መታጠፍ ነው።

የሚግ-21 ክንፍ ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። አብራሪው መሪውን ወደ ራሱ ሲስብ አፍንጫው መጀመሪያ ላይ በደንብ ይታዘዛል፤ ወዲያው ግን ያ ክንፍ አየሩን በሰፊው መጋፋት ይጀምርና ፍጥነቱ በሰከንዶች ውስጥ ይወርዳል። ኤፍ-5ኢ በክንፉ የፊትና የኋላ ጠርዝ በውጊያ መካከል የሚዘረጉ ፍላፖች አሉት፤ ክንፉ ከገላው ጋር በሚጋጠምበት ቦታም ወደፊት የሾለ ቅጥያ አለው። እነዚህ ሁለት ነገሮች ጠበቅ ባለ ዙር ላይ አየሩ ከክንፉ ሳይላቀቅ እንዲቆይ ያደርጋሉ። ስለዚህ ዙሩ በተደጋገመ ቁጥር ሚጉ እየከበደው፣ ኤፍ-5ቱ ወደ ጅራቱ እየቀረበ ይሄዳል።

ሌላው የዓይን ጉዳይ ነው። የሚግ-21 አብራሪ ከፊቱ ወፍራም መስታወትና ትልቅ ማነጣጠሪያ ይጋርደዋል፤ ከኋላው ደግሞ የአውሮፕላኑ ጀርባ ያብጣል። ጅራቱ ላይ የገባውን ጠላት ሳያይ መመታት የተለመደ ነው። ኤፍ-5ኢ በበኩሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ክንፉ 8 ሜትር ከ13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ስለሆነ ፊት ለፊት ሲመጣ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በላይ በዓይን ለመለየት ያስቸግራል።

መሣሪያውንም እናወዳድር። ኤፍ-5ኢ አፍንጫው ላይ ሁለት ባለ 20 ሚሊ ሜትር መድፎች አሉት፤ ለእያንዳንዳቸው 280 ጥይት ይጫናል። እያንዳንዱ መድፍ በደቂቃ 1,500 ያህል ስለሚተኩስ ጥይቱ ለ11 ሰከንድ ያህል ይበቃል። ሚግ-21ኤምኤፍ ባለ 23 ሚሊ ሜትር መንታ አፈሙዝ መድፉ 200 ጥይት ብቻ ይይዛል፤ በደቂቃ ከ3,000 በላይ ስለሚተኩስ በ4 ሰከንድ ውስጥ ባዶ ይሆናል። ኤፍ-5ቱ በአጭር በአጭሩ እየቆረጠ ከአስር ጊዜ በላይ ሊሞክር ሲችል ሚጉ ሦስት አራቴ ብቻ ነው ዕድል ያለው። የሚጉ ሚሳይልም ቢሆን ሙቀት ተከታይ ሆኖ ከኋላ ብቻ የሚተኮስ ነው፤ አውሮፕላኑ በጠንካራ ዙር ላይ እያለ ከተለቀቀ ዒላማውን ይስታል። ፀሐይና የበራ ደመናም ያሳስቱታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አሜሪካኖች የራሳቸውን አብራሪዎች ሚግ-21ን እንዲለማመዱ ሲፈልጉ ኔቫዳ በሚገኘው ኔሊስ የአየር ኃይል ጣቢያ የጠላትን ሚና ያጫወቱት ኤፍ-5ኢን ነበር። መጠኑና ጠባዩ ለሚጉ የቀረበ ስለሆነ ነው። የኛ አብራሪዎች በአሜሪካ መንገድ የሠለጠኑ ስለነበሩ የሚጉን ድካም የት እንደሚፈልጉ ያውቁ ነበር። ሁለት ሁለት ሆኖ መብረርን፣ አንዱ ሲያጠቃ ሌላው ጀርባውን መጠበቅን ደጋግመው ተለማምደውታል። በዚያ ጦርነት በርካታ ሚጎችን በመጣል ስማቸው የሚነሳው፣ በኋላም ተማርከው 11 ዓመት በሶማሊያ እስር ያሳለፉት ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ የዚህ ሥልጠና ፍሬ ናቸው።

ኤፍ-5ቱን የሚያስሸንፈው ምንድን ነው? የመጀመሪያው በቀጥታ የሚሸሽ ሚግን ማሳደድ ነው። ሚጉ አፍንጫውን ዘቅዘቅ አድርጎ ከሮጠ አይደረስበትም፤ የሚያሳድደውም ነዳጁን ይጨርሳል። ሁለተኛው አፍተርበርነር የሚባለው፣ በሞተሩ ጭራ ላይ ተጨማሪ ነዳጅ እያቃጠለ ግፊት የሚጨምረው ክፍል ነው። ሁለቱም ሞተሮች ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ አፍተርበርነራቸው ሳይጠፋ ቢቆይ በገላው ውስጥ ያለው 2,500 ሊትር ያህል ነዳጅ ሩብ ሰዓት አይሞላም። ወደ ጣቢያ መመለሻ የሚሆነው ከዚሁ ላይ መቀነስ አለበት። ብልህ አብራሪ ውጊያውን የሚያቋርጥበትን የነዳጅ መጠን ከመነሳቱ በፊት ይወስናል፤ መርፌው እዚያ ሲደርስ ዒላማው ፊቱ ላይ ቢሆንም ይተዋል።

«አጎቴ ደብረ ዘይት የአርማመንት ባለሙያ ነበሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ጄት ከግዳጅ ሲመለስ እሳቸውና ጓዶቻቸው ምን ምን ይሠሩ እንደነበር በዝርዝር ብትነግሩን።» (ከሜሪላንድ፣ አሜሪካ)

ይህን ደብዳቤ ስናነብ ደስ ብሎናል። ስለ አብራሪዎች የሚጠይቀን ብዙ ነው፤ አርማመንት (መሣሪያ የሚጭነውና የሚፈትሸው)፣ ሞተር፣ ኤሌክትሪክ፣ ፓራሹት ክፍል ስለነበሩት የሚጠይቀን ግን የለም። ለአንድ ሰዓት በረራ የብዙ ሰዎች የብዙ ሰዓት ሥራ ያስፈልጋል፤ የ1969 እና 1970ን ድል በእኩል የሚካፈሉትም እነዚህ ናቸው ብለን እናምናለን። ዝርዝሩ እነሆ።

ጄቱ መቆሚያው ላይ ሲደርስ መጀመሪያ ጎማው ሥር ድጋፍ ይገባል። ቀጥሎ ቀይ ጨርቅ የተንጠለጠለባቸው የደኅንነት ፒኖች ይሰካሉ፦ ለመድፎቹ፣ ለሚሳይሎቹ፣ ለተንጠልጣይ ነዳጅ ታንኩና ለማረፊያ እግሮቹ። አብራሪውን የሚያስፈነጥረው ወንበርም የራሱ ፒን አለው፤ ያ ሳይገባ ወደ ኮክፒቱ እጁን የሚሰድ ባለሙያ ሕይወቱን ያስይዛል። ወደ ጎማዎቹ የሚጠጉት ከፊት ወይም ከኋላ እንጂ ከጎን አይደለም። ፍሬኑ በጣም ከጋለ ጎማው ወይም ጠርዙ ሊፈነዳ ይችላል፤ ስብርባሪው የሚፈናጠረው ደግሞ ወደ ጎን ነው።

ነዳጅ ከመሞላቱ በፊት የምድር ሽቦ ይታሰራል፤ በረራ ላይ የተጠራቀመ የኤሌክትሪክ ሙል ብልጭታ እንዳይፈጥር ነው። ኦክስጅን ከነዳጅ ጋር በአንድ ጊዜ አይሞላም። ኦክስጅን የሚሞላው ሰው እጁም ልብሱም ከቅባት የጸዳ መሆን አለበት፤ ግፊት ያለው ኦክስጅን ቅባት ሲያገኝ ያለ ክብሪት ይቃጠላል።

የአጎትዎ ሥራ የሚበዛው እዚህ ላይ ነው። የአፍንጫው ሽፋን ይከፈትና የመድፎቹ ክፍል ይፈተሻል፤ የቀረ ጥይትና ያልወጣ ቀለህ ይጸዳል። ከዚያ ለእያንዳንዱ መድፍ 280 ጥይት ያለው ዝናር እየተጣጠፈ በሳጥኑ ውስጥ ይደረደራል። ጥይቶቹን የሚያያይዘው ቀለበት አንዱ እንኳ ከተጣመመ፣ ወይም አንዱ ጥይት ከመስመሩ በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደፊት ከወጣ፣ መድፉ አየር ላይ ይነክሳል። አብራሪው ሊያስተካክለው አይችልም፤ ግዳጁ በግማሽ መሣሪያ ይሆናል። ስለዚህ ዝናሩ በዓይን ብቻ ሳይሆን በጣት እየተዳበሰ ነው የሚገባው። ድሬዳዋ ላይ ሌላ ጠላት ነበረ፦ አቧራ። መድፍ ላይ ዘይት ሲበዛ አቧራውን ይይዝና እንደ ሊጥ ይጋገራል። እዚያ የሚሠራ አርማመንት ዘይቱን ቀጭን አድርጎ መቀባት፣ የተረፈውንም በጨርቅ መጥረግ አለበት።

ሚሳይሎቹ የሚገጠሙት በክንፉ ጫፎች ላይ ነው። አንዱ ሳይድዋይንደር ርዝመቱ 3 ሜትር ገደማ ሲሆን ከ70 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ብዙውን ጊዜ በሰው ትከሻና እጅ ተነሥቶ ነው ሐዲዱ ላይ የሚንሸራተተው። ከመገጠሙ በፊት በማስወንጨፊያው ሽቦ ላይ የባዘነ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በመለኪያ ይረጋገጣል፤ ይህ ከተዘለለ ሚሳይሉ ምድር ላይ ሊተኮስ ይችላል። የሚሳይሉ የፊት መስታወት ላይ ጭረት፣ ጠል ወይም የጣት አሻራ ካለ ዓይኑ ይፈዛል፤ ዒላማውን ዘግይቶ ያያል ወይም ጨርሶ አያይም። እንዲህ ያለ ሚሳይል ተመልሶ ይወርዳል።

በዚሁ ጊዜ ሌላው ቡድን ከጅራቱ ሥር የማቆሚያውን ፓራሹት ይጭናል። ፓራሹቱ ርጥበት እንዳለው ከታጠፈ ይጣበቃል፤ ጄቱ ሲያርፍ አይከፈትም፤ ሸክሙ ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ሞተር ማስነሣቱም ከምድር ሰው እጅ አይወጣም። ኤፍ-5 የራሱ ማስነሻ የለውም። አየር የሚነፋ ጋሪ ቀርቦ ወፍራም ቱቦው ከሆዱ ሥር ይገጠማል፤ አየሩ ሞተሩን ያሽከረክረዋል። የዙሩ ፍጥነት 10 በመቶ ገደማ ሲደርስ አብራሪው ነዳጅና ብልጭታ ይሰጠዋል። አንዱ ሲነሣ አየሩ ወደ ሁለተኛው ይዞራል። ችግር የሚመጣው ጋሪው ሲደክም ነው፦ ሞተሩ በበቂ ሳይሽከረከር ነዳጅ ከገባ እሳቱን የሚያበርደው አየር ስለሚያንስ ሙቀቱ ያሻቅባል፤ አብራሪው ወዲያው ነዳጁን ካልዘጋ የተርባይኑ ምላሶች ይቀልጣሉ። በደጋ አየሩ ስለሚሳሳ የጋሪውም አቅም ይቀንሳል፤ ቢሾፍቱ (የያኔዋ ደብረ ዘይት) ላይ ጋሪን በየዕለቱ መፈተሽ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ማለዳ ማለዳ ጎን ለጎን ተሰልፎ መሬቱን መልቀም አለ። የኤፍ-5 ሞተር ትንሽ ነው፤ የፊተኛው ምላሶቹም ስስ ናቸው። አንዲት ጠጠር ወይም የወደቀች ብሎን ብትገባ አንዱን ምላስ ትሸርፋለች፤ የተሸረፈው ቁራጭ የኋላዎቹን እየመታ ይሄዳል። ቡድኑ በደንብ ከተናበበ አንድን ጄት አርፎ እንደገና ለመነሣት በግማሽ ሰዓት ገደማ ያደርሰዋል። አጎትዎ በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነበሩ።

«አሥራ ስድስት ይሁን ስምንት ጄት ነበራቸው ሲባል እንሰማለን። ስምንት ጄት ስኳድሮን ይባላል?» (ከሐዋሳ)

የታዘዙት ኤፍ-5ኢዎች 16 ነበሩ፤ ከ1969ኙ የአሜሪካ ማዕቀብ በፊት የደረሱት 8 ናቸው። ከእነሱ ጎን ከ1958 ጀምሮ የገቡት፣ ራዳር የሌላቸውና ግፊታቸው ያነሰ ኤፍ-5ኤዎች፣ ሴበር የሚባሉ የቀድሞ ተዋጊ ጄቶችና ካንቤራ ቦምብ ጣዮች ነበሩ። ስኳድሮን አንድ አዛዥ፣ የራሱ አብራሪዎችና ጥገና ያለው የውጊያ ክፍል ነው፤ ቁጥሩ ከአገር አገር ይለያያል፣ ብዙ ጊዜም ከ12 እስከ 24 ነው።

ቁም ነገሩ ግን ስንቱ በአንድ ማለዳ ይነሣል የሚለው ነው። ከ8 ሁለቱ ጥገና ላይ ናቸው እንበል፤ 6 ቀሩ። ሁለቱ ድሬዳዋ ላይ ተጠንቀቅ ቢቆሙ፣ ሁለቱ ሊተኳቸው ቢዘጋጁ፣ ለምድር ጦሩ ድጋፍ የሚቀሩት ሁለት ናቸው። በሚያዝያ 1969 የአሜሪካ ወታደራዊ አማካሪዎች ከወጡ በኋላ መለዋወጫ በመደበኛው መንገድ አይመጣም ነበር። እንዲህ ሲሆን ማንኛውም አየር ኃይል የሚያደርገው አንዱን ጄት አቁሞ በዕቃው ሌሎቹን ማሠራት ነው። ይህ ሁለት እጥፍ ሥራ አለው፤ አንድ ዕቃ ከአንዱ ይፈታል፣ ለሌላው ይገጠማል፣ ሁለቱም እንደገና ይፈተሻሉ። በዚያ ሁኔታ ጄቶቹ ለወራት መብረራቸው ለጥገና ክፍሉ ትልቅ ምስክር ነው።

«ካራማራ ላይ ራዳር ነበር ይባላል። ለድሬዳዋ ይህን ያህል ምን ይጠቅም ነበር? ሲወድቅስ ምን ሆነ?» (ከድሬዳዋ)

በሂሳብ እንየው። ከሐርጌሳ እስከ ድሬዳዋ በቀጥታ 245 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር የሚበር ሚግ በደቂቃ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ስለዚህ ከሐርጌሳ ተነሥቶ ድሬዳዋ ለመድረስ 16 ደቂቃ ይፈጅበታል። የካራማራው አሜሪካ ሠራሽ ራዳር ከሐርጌሳ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቅ ነበር። ሚጉ ከፍታ ሲይዝ ከጅምሩ ይታያል። ድሬዳዋ ላይ ተጠንቀቅ የቆሙት ሁለት ኤፍ-5ዎች በ5 ደቂቃ ቢነሡና ከፍታ ለመያዝ 2 ደቂቃ ቢፈጁ፣ ከከተማዋ ርቀው፣ ከላይ ሆነው ይገናኙታል። ራዳሩ ከሌለ ግን ሚጉ በዓይን የሚታየው 10 ወይም 15 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ነው። ያ ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም፤ ሞተር ለማስነሣት እንኳ አይበቃም።

ከቢሾፍቱ መምጣትስ? 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ 22 ደቂቃ ይፈጃል። ማንቂያው ከተሰማ በኋላ ከዚያ የሚነሣ ጄት አይደርስም። የድሬዳዋ ማኮብኮቢያ የምሥራቁ ጦርነት እምብርት የሆነውም፣ ሶማሊያ በነሐሴ 1969 ታንኮቿን ወደ ከተማዋ የነዳችውም በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። ታንኮቹ ደጃፉ ሲደርሱ ከዚያው ጣቢያ የሚነሡ ጄቶች ተነሥተው ወዲያው ይመቷቸው ነበር።

ራዳር ግን ሁሉን አያይም። ምድር ክብ ስለሆነች ዝቅ ብሎ የሚመጣ አውሮፕላን ከአድማሱ ሥር ይደበቃል። ቀላሉ ስሌት ይህ ነው፦ የራዳሩ አንቴና ከአካባቢው ሜዳ ያለውን ከፍታ በሜትር ወስዳችሁ ካሬ ሥሩን አውጡ፤ የአውሮፕላኑንም እንዲሁ፤ ሁለቱን ደምራችሁ በ4.12 አባዙ። ውጤቱ በኪሎ ሜትር ነው። አንቴናው ከሜዳው 300 ሜትር ከፍ ቢል፣ አውሮፕላኑ 100 ሜትር ላይ ቢበር፣ የሚታየው 112 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ነው። ራዳሩ ጅጅጋ ሜዳ ላይ ሳይሆን ጋራ ላይ የተተከለው ለዚህ ነው።

በመስከረም 1970 መጀመሪያ ጅጅጋ ስትያዝ ያ ዓይን ጠፋ። ጉዳቱ ከዚያም ይብስ የነበረው በሐምሌና በነሐሴ ቢሆን ነበር። በመስከረም ግን የሶማሊያ ሚጎች ብዙ ተመትተው ስለነበር ሰማዩን በነፃነት የሚጠቀመው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ነበር። ራዳሩ የቆየባቸው እነዚያ ሁለት ወራት ሥራቸውን ሠርተዋል።

«የፊዚክስ ተማሪ ነኝ። አውሮፕላን ቢሾፍቱ ላይ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይፈልጋል ሲሉ ሰማሁ። በምን ይሰላል?» (ከቢሾፍቱ)

መልካም ጥያቄ ነው። የጣቢያው ከፍታ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። በመደበኛው አየር፣ ከባሕር ወለል 15 ዲግሪ ተነሥቶ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ስለሚቀንስ፣ እዚያ ሊኖር የሚገባው ሙቀት 2.7 ዲግሪ ነው። ከሰዓት በኋላ 25 ዲግሪ ከሆነ ትርፉ 22 ዲግሪ ያህል ነው። ለእያንዳንዱ ትርፍ ዲግሪ 36 ሜትር ገደማ ጨምሩ፤ 800 ሜትር ይሆናል። ስለዚህ አውሮፕላኑ 2,700 ሜትር ላይ እንዳለ ነው የሚሰማው። እዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል።

ይህ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ክንፉ ለመነሣት በዚያ በሳሳ አየር ውስጥ ከምድር አንጻር 14 በመቶ ገደማ የበለጠ መፍጠን አለበት፤ ሞተሩ ደግሞ እንደ አየሩ እፍጋት ግፊቱን በሩብ ያህል ይቀንሳል። ሁለቱ ሲባዙ መንደርደሪያው ወደ 1.7 እጥፍ ይጠጋል። ሲያርፍም ፍሬኑ የሚያቆመው ኃይል በ30 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ቅድም ያነሣነው የጋለ ጎማ ከዚህ የመጣ ነው። ኤፍ-5ኢ ለዚህ የሚረዳ ብልሃት አለው፦ የፊት እግሩ ከመነሣቱ በፊት ይረዝምና አፍንጫውን 3 ዲግሪ ገደማ ቀና ያደርገዋል፤ ክንፉ ቶሎ ይሸከማል።

ድሬዳዋን ራሳችሁ አስሉት፦ ከፍታዋ 1,170 ሜትር ገደማ፣ ቀትር ላይ 35 ዲግሪ። 2,200 ሜትር አካባቢ ይመጣላችኋል። ቆላ ናት ብሎ ሙሉ ቦምብ የሚጭን ሰው በቀትር ይቀጣል፤ ከባድ ጭነት ያለው ግዳጅ ለማለዳ የሚተወው ለዚህ ነው።

«አየር ኃይላችንን የመሠረቱት ስዊድኖች ናቸው ወይስ አሜሪካኖች?» (ከሪያድ)

ከሁለቱም በፊት ይጀምራል። የመጀመሪያው አውሮፕላን፣ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25፣ በአንድሬ ማዬ አብራሪነት አዲስ አበባ ያረፈው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ነው። ብዙ ሳይቆይ ጀርመን ሠራሽ ዩንከርስ ተከተለ። ከመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች መካከል አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ ይጠቀሳሉ። ጣሊያን ሲወር የነበሩት ከደርዘን ብዙም የማይበልጡ፣ አብዛኞቹ መሣሪያ አልባ አውሮፕላኖች ናቸው፤ መልእክት፣ መድኃኒትና ሰው ያመላልሱ ነበር። ያን ክፍል የመራው ከቺካጎ የመጣው ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ጆን ሮቢንሰን ነው። ከነፃነት በኋላ ተመልሶ ወጣቶችን አሠለጠነ፤ በ1946 በአውሮፕላን አደጋ አዲስ አበባ ላይ ሞተ። ስሙ ከሚገባው በታች ነው የሚነሣው።

ከዚያ ስዊድኖች መጡ። ካውንት ካርል ጉስታቭ ቮን ሮዘን በወረራው ጊዜ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ አውሮፕላን ያበረረ ሰው ነው። በግንቦት 1939 አንዲት ትንሽ ሳፊር አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ ከ6,000 ኪሎ ሜትር በላይ፣ መሬት ሳይነካ በ31 ሰዓት ገደማ አምጥቷል። የቢሾፍቱን ትምህርት ቤት በሳፊር፣ የውጊያ ክፍሉን ከ40 በሚበልጡ ሳብ-17ዎች አቋቋሙ። አሜሪካኖች ከ1945ቱ ስምምነት በኋላ ጄቱን አመጡ። በ1954 አራት ሴበሮች ለተባበሩት መንግሥታት ኮንጎ ዘምተዋል፤ ሥርዓተ ጥገናው ከቤት ርቆ የተፈተነው ያኔ ነው።

«አሜሪካ ሠራሽ ጄት ላይ የኖረ ባለሙያና አብራሪ በጥቂት ወራት ወደ ሚግ እንዴት ተሻገረ?» (ከጎንደር)

በብዙ ላብ። ከኅዳር 1970 ጀምሮ የሶቪየት ጭነት ሲጎርፍ ሚግ-17፣ ሚግ-21 እና ከባድ ሄሊኮፕተሮች መጡ፤ የኩባ አብራሪዎችም አብረው በረሩ። ለሜካኒኩ የመጀመሪያው ፈተና ቁልፉ ነበር፦ የኤፍ-5 ብሎን በኢንች፣ የሚጉ በሚሊ ሜትር ነው። የሚቀራረብ ቁልፍ በግድ ከተጠቀሙ ጭንቅላቱ ይላጫል፤ ስለዚህ ሁለቱ የመሣሪያ ሳጥኖች እንዳይቀላቀሉ መለየት ግድ ነው። የአየር ጋሪው ለሚጉ አይሆንም፤ ሚግ-21 የሚነሣው በኤሌክትሪክ ነው። መመሪያው ሩሲያኛ ነው።

አብራሪው የለመደው ከፍታ በጫማ፣ ፍጥነት በኖት ነው፤ አሁን ሜትርና ኪሎ ሜትር በሰዓት ሆነ። 3,000 የሚል ቁጥር ሲያይ በአንዱ ዓለም 900 ሜትር፣ በሌላው 3 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጋራ በበዛበት አገር ይህ ስህተት ምሕረት የለውም።

አስቸጋሪው ግን ፍሬኑ ነበር ብንል አልተሳሳትንም። በኤፍ-5 ሁለቱ እግሮች ፔዳሉን ከላይ ሲጫኑ ግራና ቀኝ ጎማ ለየብቻ ይያዛል። በሚግ-21 ፍሬኑ መሪው ላይ ያለ እንደ ብስክሌት የሚጨበጥ እጀታ ነው፤ የሚሠራውም በታመቀ አየር ነው። አቅጣጫ ለማስያዝ እጀታውን እየጨበጡ ፔዳሉን ወደሚፈለገው ጎን መግፋት ያስፈልጋል። የለመደ እግር ሳያስብ ፔዳሉን ይጫናል፤ ምንም አይሆንም፤ ማኮብኮቢያው ደግሞ እያለቀ ነው። እጀታውን ደጋግሞ የሚጨብጥም ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን አየር ይጨርስና ሲታክሲ፣ ማለትም ጄቱን መሬት ላይ ሲነዳ፣ ፍሬን አልባ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው በረራ በፊት ዝግ ብሎ መሬት ላይ ብቻ መንዳትን መለማመድ፣ ከየታክሲው በኋላም የአየር መለኪያውን ማየት ነበር ሥልጠናው። ሜካኒኩ በበኩሉ ከእያንዳንዱ በረራ በፊት የጠርሙሱን ግፊት አንብቦ መዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ ያ ፊርማ ከሌለ ጄቱ ከመቆሚያው አይንቀሳቀስም።